እፎይ የምንለው መቼ ነው?

ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩኝ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ 150 በ94 እና 134 በ84። የአንድ ሰው፣ የአንድ ክንድ ልኬቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ደም ግፊት የሚለካ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥንድ ቁጥር ያውቃል። ተለኪው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል፤ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ይዞ እያወራ ይቀመጣል። መለኪያው ይጠቀለላል፣ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ 150 በ94። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ሰውየው ጀርባውን ይደገፋል፣ እግሮቹን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ ማንም አያነጋግረውም። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳያዘው ከሆዱ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፤ “እፎይ!” ሁለተኛው ልኬት 134 በ84 ይሆናል።

ባለሙያው የመጀመሪያውን ቁጥር ትቶ ከእረፍት በኋላ የተገኘውን ይመዘግባል። ትክክል ነው፤ ደንቡም ይህንኑ ያዛል። እኔን ሲከነክነኝ የኖረው ግን ያ የተተወው ቁጥር ነው። ስህተት አልነበረም። ደሙ በዚያች ደቂቃ የደም ሥሩን ግድግዳ በዚያው ኃይል እየገፋው ነበር። ሰውየው ወንበሩ ላይ ባይቀመጥስ ኖሮ? ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው፣ ከስልኩ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባው ወደ ትራፊክ፣ ከዚያም የነገውን እያሰበ ወደ አልጋው ቢሄድስ? ቀኑን የሚውለው፣ ሌሊቱንም በከፊል የሚያድረው በተተወው ቁጥር ነው ማለት ነው።

“ውጥረት” የሚለው ቃላችን ነገሩን ቀድሞ አውቆታል። የገመድ ቃል ነው፣ የቆዳ ቃል ነው። የተወጠረ ገመድ ሸክም ይይዛል፤ ካልተወጠረ ምንም አይሠራም። ሥራው ሲያልቅ ግን መርገብ አለበት። ተወጥሮ የከረመ ገመድ የሚበጠሰው ትልቅ ሸክም ስለመጣበት ላይሆን ይችላል፤ ክሮቹ አንድ በአንድ አልቀው ነው። ሰዎች ስለ ውጥረት ሲያነሡ “እንዴት ላስወግደው?” ይላሉ። እኔ “በቀን ውስጥ የሚረግበው መቼ ነው?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማንቂያው ሲጮህ

ስልክ ጠራ እንበል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ልብ የሚያስደነግጥ ነው። ስሙን አንብበን ሳንጨርስ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ትእዛዙን በነርቭ በኩል አስተላልፏል። ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉት ሁለቱ አድሬናል እጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ወደ ቆዳና ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች የሚሄዱት ይሰፋሉ። ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ይፈታል፣ ምራቅ ይደርቃል። ደም እንኳ ቁስል ቢመጣ ቶሎ እንዲቆም ለመርጋት ይዘጋጃል። “አፌ ደረቀ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ ልቤ ድው ድው አለ” ስንል የምንናገረው ይህንኑ ነው። የሃርቫርዱ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ይህን ዝግጅት በ1915 በጻፈው መጽሐፍ አካል ለመጋደል ወይም ለመሸሽ የሚታጠቀው ትጥቅ አድርጎ ገልጾታል።

ይህ የመጀመሪያው ማዕበል ነው፤ በሰከንዶች ይመጣል፣ አድሬናሊኑም በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋል። ሁለተኛው ማዕበል ይዘገያል። ሃይፖታላመስ ከአንጎል ሥር ላለው ለፒቱታሪ እጢ፣ ፒቱታሪም በደም በኩል ለአድሬናል የውጭ ሽፋን መልእክት ይልካሉ፤ ኮርቲዞል ይመነጫል። የኮርቲዞል መጠን ጣሪያ የሚደርሰው ነገሩ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። እንግዲህ አምስት ደቂቃ የፈጀ ስልክ ከሆነ፣ ኮርቲዞሉ በደንብ የሚደርሰው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ማለት ነው። ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ኮርቲዞልን እንደ መርዝ የሚያዩት ብዙ ናቸው። ይህ አይገባውም። ጠዋት ከእንቅልፍ በነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ከፍ ብሎ ለቀኑ የሚያነሣሣን እሱ ነው፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ይላል። አድሬናል እጢያቸው ኮርቲዞል ማመንጨት ያቆመ ሰዎች ሕክምና ካላገኙ በሕይወት አይቆዩም። ደግሞም የራሱ ልጓም አለው፤ በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ያየውና “በቃ” ብሎ ምንጩን ይዘጋል። ችግሩ የሚጀምረው አንጎል “በቃ” ካለ በኋላ፣ ወይም ሊል ሲል፣ አዲስ ማንቂያ ከተደወለበት ነው።

ውጥረት በአካል ላይ አሻራ እንደሚተው ቀድሞ ካሳዩት አንዱ ሐንስ ሴልዬ ነው። ሞንትሪያል ውስጥ በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሆርሞን አገኘሁ ብሎ የእንስሳት ንጥረ ነገር ለአይጦች ይወጋ ነበር። አይጦቹ ሲከፈቱ አድሬናላቸው አብጦ፣ የመከላከያ ሴሎች የሚያድጉበት ታይመስ እጢ ተኮማትሮ፣ ጨጓራቸው ቆስሎ ተገኘ። ሌላ ነገር ወጋቸው፤ ያው። ብርድ ላይ አኖራቸው፣ ያለ ዕረፍት አስሮጣቸው፤ አሁንም ያው። ምክንያቱ ቢለያይም አካል የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር። በ1936 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ደብዳቤ ዘገበው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ

የነገሩ መገላበጫ እዚህ ላይ ስለሆነ እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ። ስልኩ ተዘግቷል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የሚያሳድድ ነገር የለም። ከጅብ ያመለጠ ሚዳቋ ቢሆን ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ ሣሩን ይግጥ ነበር። ሰው ግን በዚህች ደቂቃ ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው ማብቃት ነው። ትንፋሽ ይረዝማል፣ ትከሻ ከጆሮ ሥር ይወርዳል፣ ልብ ወደ ቀድሞ ምቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ማመንዠክ ነው። “ለምን እንዲህ አለኝ? እኔስ ለምን እንዲያ ብዬ አልመለስኩለትም? ነገ ደግሞ ቢደውልስ?” ከብት የዋጠውን መልሶ እንደሚያኝክ፣ ሰው ያለፈውን ነገር ከሆዱ አውጥቶ እንደገና ያኝካል። አካል ደግሞ ነገሩንና የነገሩን ሐሳብ በቅጡ አይለይም፤ ስልኩ በሐሳብ እንደገና በጠራ ቁጥር ልብ እንደገና ይፈጥናል፣ ግፊት እንደገና ይወጣል። አምስት ደቂቃ የፈጀው ንግግር አምስት ሰዓት ሲበላ ይውላል። በእኔ ግምት ዛሬ ሰው ጤናው ላይ የሚከፍለው ትልቁ ዕዳ የሚጻፈው ከክስተቱ ይልቅ በዚህ ጭራው ላይ ነው።

ማመንዠክን ምን ያረዝመዋል? ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ፤ ነገሩን መቆጣጠር አለመቻልና መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ። ጄይ ዋይስ የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተማቸው ሙከራዎች ጥንድ አይጦችን እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲያደርስባቸው፣ በራሷ እንቅስቃሴ ንዝረቱን ማስቆም የምትችለው አይጥ ማስቆም ከማትችለው በጣም ያነሰ የጨጓራ ቁስለት ያዛት። ከንዝረቱ በፊት ድምፅ የሚሰሙትም ድንገት ከሚደርስባቸው ይልቅ ደህና ነበሩ። ንዝረቱ አንድ ነው፤ የጎዳቸው የሚይዙት መላ ማጣታቸውና መቼ እንደሚመጣ አለማወቃቸው ነበር።

ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። የሚያመጣው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ግን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ማሳወቂያዎችን ዘግቶ መልእክቶችን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ማየት የመልእክቱን ብዛት ባይቀንስም ድንገተኛነቱን ይቀንሳል። ድምፁን ብቻ አጥፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ግን አይበቃም፤ ዓይን እየጠበቀ ይውላል። ከዓይን ይራቅ።

አንድ ትንሽ ቁስል

“ውጥረት ይጎዳል” የሚለው ወሬ በጣም ስለተደጋገመ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ጉዳቱ በዓይን የታየበትን አንድ ሙከራ ላንሣ። ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜና በገቢ የሚመስሏቸው ሌሎች 13 ሴቶችን ወሰዱ። በእያንዳንዷ ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቁስል በሕክምና መሣሪያ ተደረገ፤ የምስር ፍሬ እንኳ አያህልም። ከዚያ ጠበቁ። ቁስሉን ፎቶ ያነሱታል፣ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያንጠባጥቡበታል፤ አረፋ ካወጣ አልዳነም፣ አረፋው ከቀረ ድኗል። ሌሎቹ ሴቶች በአማካይ በ39.3 ቀን ዳኑ፤ አስታማሚዎቹ 48.7 ቀን ፈጀባቸው።

ዘጠኝ ቀን! በሽተኛዋ እኮ እሷ አይደለችም። ሌሊት የሚነሣውን ዘመዷን መልሳ የምታስተኛው፣ መድኃኒቱን የምትቆጥረው፣ በሩን የምትቆልፈው አስታማሚዋ ናት፤ ያልጠገገው የእሷ ቆዳ ነው። ቁስል እንዲጠግግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመከላከያ ሴሎች ተጠራርተው መምጣት አለባቸው፤ የኮርቲዞል ብዛት ጥሪያቸውን ያዳክመዋል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ወይም ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ቁጥር አስታውሱት።

ጉንፋንም እንዲሁ ነው። ሸልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ጥናት 394 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጠብታ አደረጉ፤ ቀድመው የውጥረታቸውን መጠን ለክተዋል። በጉንፋን የታመሙት ዝቅተኛ ውጥረት ካለባቸው መካከል 27 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ውጥረት ካለባቸው መካከል 47 በመቶ ገደማ ነበሩ። 

በሌሎቹ የአካል ክፍሎች ላይ የሚሆነው በዓይን አይታይም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው። ደጋግሞ የሚወጣ ግፊት የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ያሻክራል፣ ግድግዳቸውንም ያደነድናል። ለሩጫ የተፈታው ስኳር ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ትርፍ ነው፤ ኢንሱሊን ተጠርቶ ይመልሰዋል፣ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ኢንሱሊን ኃይሉ ይደክማል፣ ስብም ሆድ ዕቃ ዙሪያ ይጠራቀማል። እንቅልፍ ሲሳሳ በማግስቱ ኮርቲዞል ምሽት ላይ መውረድ ያቅተዋል፤ ያ ደግሞ መልሶ እንቅልፍ ይነሣል። ብሩስ ማክዌንና ኢሊየት ስቴላር በ1993 ይህን የተጠራቀመ መዳከም አንድ ላይ አድርገው “አሎስታቲክ ሎድ” አሉት፤ አካል ራሱን ከሁኔታዎች ጋር ለማስማማት ሲል የሚሸከመው ሸክም ማለት ነው።

እፎይ ማለትን መለማመድ

“እፎይ” በሉና ድምፁን አዳምጡት። ከንፈር ጠበብ ይላል፣ አየር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቃሉ ራሱ ረጅም የትንፋሽ መውጫ ነው። ልብ አየር ስናስገባ በትንሹ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ የሚያዘገየው ከአንጎል ግንድ ወርዶ ደረትንና ሆድን የሚያዳርሰው ቬገስ ነርቭ ነው። የልብ ምትን “ቀስ በል” ብሎ በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም፤ ማስወጫውን በማርዘም ግን ይታዘዛል።

አሠራሩ ይህ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፤ ከንፈራችሁን አጥብባችሁ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፤ አምስት ደቂቃ ቀጥሉ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጉ፤ መነሣት ያለበት የሆዱ እጅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው “በረጅሙ ተንፍስ” ሲባል ደረቱን እስኪሞላ እየሳበ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ላይ ነው። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል፤ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ሰውየው “ባሰብኝ” ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ከሆነ አየሩን አሳንሱ እንጂ አታብዙ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሁለት ጊዜ አከታትሎ በአፍንጫ አስገብቶ አንድ ጊዜ በረጅሙ ማስወጣትን በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር የተለማመዱ ሰዎች ስሜታቸው ተመስጦ (ሜዲቴሽን) ከተለማመዱት ይልቅ ተሻሽሏል። እኔ የምመርጠው ግን ቀላሉን 4 በ6 ነው፤ ሰው ፊት ሳይታወቅ ይሠራልና።

መንጋጋ የሚረሳ ቦታ ነው። አሁን ይህን ስታነቡ ጥርሶቻችሁ ተገናኝተዋል? በዕረፍት ጊዜ ከንፈር ይገጥማል እንጂ ጥርስ አይነካካም። ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ተላቆ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ያርፍ። ጡጫ፣ ትከሻ፣ ግንባር፣ ሆድና እግር በየተራ 5 ሰከንድ አጥብቆ 20 ሰከንድ መልቀቅም ይረዳል፤ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጀመረው ዘዴ ነው። ጥበቡ ያለው መልቀቁ ላይ ነው፤ ማጥበቁ ልዩነቱ እንዲሰማ ብቻ ነው።

የምሽቱን ማመንዠክ ወረቀት ይቀበለዋል። በ2018 በታተመ አንድ ጥናት 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ ጻፉ፤ ግማሾቹ የሠሩትን፣ ግማሾቹ ገና የሚሠሩትን። የሚሠሩትን የጻፉት 9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው ተኙ፤ ዝርዝሩ በተብራራ ቁጥር እንቅልፉም ቀረበ። ስለዚህ “ሪፖርት” ብላችሁ አትተዉት፤ “የሪፖርቱን ሁለተኛ ገጽ ጠዋት ጨርሼ እልካለሁ” ብላችሁ ጻፉት። አልጋ ላይ በስልክ ሳይሆን በወረቀት ይሁን።

ስለ ቀሩት በአጭሩ ልበል። ከከባድ ንግግር በኋላ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለሩጫ የተፈታውን ስኳር ሥራ ላይ ያውለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ከመኝታ 8 ሰዓት በፊት ማቆም ይሻላል። አልኮል ያስተኛል፤ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመጀመር መሮጥ ግን ሌላ ውጥረት ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዱን መርጣችሁ ሦስት ሳምንት ያዙ።

ሁሉም ውጥረት አይደለም

የጨጓራ ቁስለት ለብዙ ዘመን የጭንቀት በሽታ ይባል ነበር። ሕመምተኛው “አትጨነቅ” እየተባለ ይሸኝ ነበር። በ1982 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ናሙና አሳደጉ። የሚያምን ሲታጣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ባክቴሪያው ተመርምሮ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይጠፋል፤ ሌላው ዋና ምክንያት እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው። ስንት ሰው በ“ጭንቀት ነው” ስም ሊድን የሚችል በሽታ ተሸክሞ እንደኖረ ሳስብ ያመኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለበሽታው የውጥረት ስም ሰጥቶ መተኛትም ያው መደበቅ ነው። ያለ ምክንያት ክብደት እየቀነሰ ልብ የሚመታ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥና ሙቀት የማያስችል ከሆነ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ምርመራ ያስፈልጋል። ድካሙ ከመገርጣትና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደም ማነስ እንዳለ ለማወቅ ሄሞግሎቢን ይታይ። ጥማትና ሽንት ከበዛ የደም ስኳር ይለካ። ከባድ ማንኮራፋትና የጠዋት ራስ ምታት ሌሊት ትንፋሽ የመቋረጥ ምልክት ሊሆን ይችላል። ተስፋ መቁረጥና የነገር ጣዕም ማጣት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን በዚያው ዕለት። ደረትን ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር የተከተለው ሕመም ደግሞ ትንፋሽ እየቆጠሩ የሚጠብቁት አይደለም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው።

ደብተሩ

ወደ ሁለቱ ቁጥሮች ልመለስ። ቤት የምትለኩ ከሆነ ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር፤ ሽንት ቤት ግቡ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይቆላለፍ መሬት ላይ አርፎ፣ አምስት ደቂቃ በዝምታ ተቀመጡ። መለኪያው የሚጠቀለለው ባዶ ክንድ ላይ ነው፤ የታች ጠርዙ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወጣል። ለክንዱ የጠበበ መለኪያም፣ እየለኩ ማውራትም እንዲሁ ያስወጡታል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሩትን አማካይ አስሉ። ቤት የተለካ አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪም ጋር መነጋገሪያው ጊዜ አሁን ነው።

ደብተሩ ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንድታሰምሩ እለምናለሁ። በዚያ ቀን ማንም ሳያዛችሁ “እፎይ” ያላችሁበትን ሰዓት ጻፉበት፤ ሥራ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ የትም ይሁን። ዓምዱ ሦስት አራት ቀን ባዶ ከሆነ ባዶነቱን እንደ አንድ ልኬት ቁጠሩት፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱም ከግፊቱ ቁጥር ጋር አብራችሁ አሳዩት።